የካምፒንግ ቫውቸር፦ የገዛችሁት ሌሊት ነው ወይስ ዩሮ?

ኦገስት 30 ማታ፣ ፈረንሳይ፣ ሎዋር ወንዝ አካባቢ አንድ ካምፒንግ (ድንኳን ተክሎ ወይም ካራቫን አቁሞ የሚታደርበት ግቢ) ሪሴፕሽን ላይ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ካራቫን የጎተቱ ሽማግሌ ባልና ሚስት ተራ ይጠብቃሉ፣ ትምህርት ያልጀመረችው ትንሿ ልጄ እግሬን ይዛ "ሽንቴ መጣ" ትላለች፣ እኔ ደሞ ስልኬን አውጥቼ በኩራት "አምስት ቫውቸር አለን፣ አምስት ሌሊት እናድራለን" አልኩ። የሪሴፕሽኗ ሠራተኛ ኮዱን ስካን አደረገች፣ ስክሪኗን አየች አየችና በትህትና "ለዛሬና ለነገ አይሠራም፣ ከነገ ወዲያ ይሠራል፣ ግን በየሌሊቱ ስድስት ዩሮ ጭማሪ አለው" አለችኝ። ቅናሽ ገዝቶ ጭማሪ የሚከፍል ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔ ነኝ። ቫውቸሩን የገዛሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ያኔ አንድ ቫውቸር ማለት አንድ ሌሊት ማለት ነበር፣ መሀል ላይ ሻጩ አሠራሩን ቀይሮ ኢሜይል ልኮልኝ ኖሯል፣ እኔ ግን ማስታወቂያ መስሎኝ ሳልከፍተው አልፌዋለሁ።

ከዛ በኋላ ተናድጄ ነገሩን አገላብጬ አየሁት። እዚህ እንግሊዝ የማውቃቸው ሦስት የሀበሻ ቤተሰቦች ካምፐርቫን (ውስጡ የሚታደርበት መኪና) ገዝተዋል፣ አንዱ ሰሞኑን "ቫውቸር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ብሎ ሲጠይቀኝ በስልክ አርባ ደቂቃ አወራሁት፣ ስለዚህ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ፣ ሰው ሁሌ ያቀላቅላቸዋል። አንደኛው የቅናሽ ካርድ ነው። አክሲ የሚባለው የደች ድርጅት (1965 ላይ አንድ አስተማሪ የጀመረው ነው) የሚሸጠው ካምፒንግካርድ የዚህ ዓይነት ነው። ለካርዱ በዓመት ትንሽ ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ካምፒንጉ ጋ ስትደርሱ ታሳያላችሁ፣ ሎው ሲዝን (ሰው የማይበዛበት ወቅት) ከሆነ የተቆረጠውን የቅናሽ ዋጋ እዛው ለካምፒንጉ ትከፍላላችሁ። ሳትሄዱ ብትቀሩ የምትከስሩት የካርዱን ዋጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው የቅድመ ክፍያ ቫውቸር ነው፣ ካምፒንግ ቼክ በሚባለው ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው ዓይነት። እዚህኛው ላይ የማደሪያውን ገንዘብ ራሱን ነው ቀድማችሁ የምትከፍሉት፣ አስር ሌሊት ሃያ ሌሊት ብላችሁ ትገዛላችሁ፣ ከዛ በብዙ አገር ካሉ ካምፒንጎች በፈለጋችሁት ትጠቀሙበታላችሁ። በቃ እንደ ቴሌ ካርድ ውሰዱት፣ ብሩ ቀድሞ ሄዷል፣ ማውራቱ በኋላ ነው፣ ጥቅሉ ሳያልቅ ቀኑ ካለፈ ምን እንደሚሆን ደሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ካምፒንጎቹ ለምን ይቀበሉታል? ጁላይና ኦገስት ላይ ቦታ የለም፣ ሰው በሙሉ ዋጋ ተሻምቶ ይገባል። ሜይ፣ ጁን አጋማሽ፣ ሴፕቴምበር ላይ ግን ሣሩ ይታጨዳል፣ ሻወሩ ይሞቃል፣ ሠራተኛው ደሞዝ ይበላል፣ ቦታው ግን ባዶ ነው። ባዶ ከሚያድር ጡረታ የወጡ ደችና ጀርመንና እንግሊዞች በቅናሽ ቢያድሩበት ይሻላል፣ እነሱ ደሞ ሬስቶራንቱ ጋ ወይን ይጠጣሉ፣ ሱቁ ጋ ዳቦ ይገዛሉ። ሻጩ ድርጅት መሀል ላይ ሆኖ ከእናንተ የተቀበለውን ሙሉውን አይሰጥም፣ ትንሽ ያስቀራል። እዛ ላይ ገንዘባችሁ ለወራት እሱ ጋ ይቀመጣል። ሦስተኛው ጥቅም ደሞ በማስታወቂያ የማይነገረው ነው፦ የተረሱ ቫውቸሮች። መሳቢያ ውስጥ ቀኑ ያለፈበት እያንዳንዱ ቫውቸር ለሱ ሙሉ ትርፍ ነው፣ ካምፒንጉም አልሠራበት፣ እናንተም አላደራችሁ።

ለገዢውም ጥቅም አልነበረውም እያልኩ አይደለም፣ በተለይ እንግሊዝ ላለ ሰው። ቫውቸሩን በፓውንድ ስለምትገዙ የምንዛሬው ዋጋ የገዛችሁ ቀን ይቆረጣል። 2016 ጸደይ ላይ አንድ ፓውንድ 1.30 ዩሮ አካባቢ ነበር፣ ጁን ላይ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲመጣ ወረደ፣ ስለዚህ ማርች ላይ በፓውንድ ገዝቶ ሴፕቴምበር ላይ የሄደ ሰው ሳያስበው አተረፈ።

አሁን ወደ ለውጡ። ሻጮቹ ለውጡን በተለያየ ስም ነው የሚጠሩት፣ "አዲሱ ዲጂታል ቫውቸር"፣ "የበለጠ ምርጫ"፣ ምናምን። ወረቀቱ ቀርቶ ስልክ ላይ መሆኑ ራሱ ችግር የለውም፣ እንደውም ወረቀት ይጠፋል። ችግሩ ከወረቀት ወደ ስልክ ሲዛወር አብሮ የሚዛወረው ነገር ነው። ድሮ ቫውቸሩ ላይ የሚጻፈው "አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሰው፣ ቦታ፣ መብራት" ነበር። ካምፒንጉ ዋጋውን ቢጨምር እናንተን አይመለከትም፣ ሌሊታችሁን ገዝታችኋል፣ የዋጋ ንረቱ የሻጩና የካምፒንጉ ራስ ምታት ነው። አሁን አሁን ግን ብዙዎቹ ወደ ሂሳብ እየተቀየሩ ነው፣ ማለት አካውንታችሁ ላይ ይሄን ያህል ዩሮ ወይም ይሄን ያህል ነጥብ አለ፣ አንዱ ካምፒንግ አንድ ቫውቸር ይወስዳል፣ ሌላው አንድ ተኩል፣ ባሕር ዳርቻ ያለው ሁለት፣ ወይም አንድ ሲደመር ጭማሪ። ስሙ ያው ቫውቸር ነው፣ ውስጡ ግን ሌሊት መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ ሆኗል። ገንዘብ ከሆነ የዋጋ ንረቱ የማን ነው? የእናንተ። ባንክ ብታስቀምጡት ቢያንስ ወለድ ይኖረው ነበር።

ይሄ ለምን ሆነ ካላችሁ፣ 2020 ላይ በኮቪድ ድንበር ተዘጋ። ሰው የገዛውን ቫውቸር መጠቀም አልቻለም፣ ሻጮች ቀኑን አራዘሙ፣ መንግሥታትም ጣልቃ ገቡ፤ ፈረንሳይ ለምሳሌ ማርች 25 ቀን 2020 ባወጣችው ድንጋጌ የጉዞና የማደሪያ ድርጅቶች ለተሰረዘ ቦታ በካሽ ፈንታ 18 ወር የሚሠራ ቫውቸር እንዲሰጡ ፈቅዳ ነበር። ከዛ ድንበር ሲከፈት ሁሉም ሰው ሆቴልና አውሮፕላን ፈርቶ ካምፐር ገዛ፣ ድሮ ባዶ የነበረው ጁን ሞላ። 2022 ላይ ደሞ በዩክሬኑ ጦርነት የአውሮፓ መብራትና ጋዝ ዋጋ ናላ የሚያዞር ሆነ። አሁን ራሳችሁን ሻጩ ቦታ አድርጉ፦ በድሮ ዋጋ ሌሊት ሸጣችኋል፣ ካምፒንጉ በአዲሱ ዋጋ ካልከፈላችሁኝ እወጣለሁ ይላል፣ ደሞ እውነቱን ነው፣ ቦታው ያለናንተ እየሞላ ነው። መውጫው ሁለት ነው፣ ወይ ትከስራላችሁ ወይ "ጭማሪ" የሚል መስመር ትጨምራላችሁ። እኔ ሻጩን አልፈርድበትም፣ የምፈርድበት ድሮ በተሸጠው ላይ አዲሱን ደንብ መጫኑን ነው። ይሄ ነው ያናደደኝ።

ጭማሪው ብቻ አይደለም። ካሌንደሩም ጠበበ። "ከጁላይና ኦገስት ውጪ" የሚለው ድሮ ቀላል ነበር፣ አሁን እያንዳንዱ ካምፒንግ የራሱን ቀን ያስቀምጣል፣ ፋሲካቸው አይሠራም፣ ሜይና ጁን መጀመሪያ አካባቢ ያሉት ረጃጅም ዊክኤንዶች (ዕርገትና ጰራቅሊጦስ፣ የነሱ) አይሠሩም፣ ሴፕቴምበር ላይ ሞተር ውድድር ያለበት ከተማ አይሠራም። ካታሎጉ ላይ "ከ20 በላይ አገሮች" ይላል፣ እናንተ ዕረፍት በምትወጡበት ሳምንት ስትፈልጉ ግን ከሚሠሩት ውስጥ ከመንገዳችሁ ሁለት ሰዓት የማይርቅ አንድ ታገኛላችሁ።

መብራቱን ለብቻው ላውራው፣ ምክንያቱም እኛን ሀበሾችን ይሄ ነው የሚነካን። ድሮ "መብራትን ጨምሮ" ሲል ማንም አይቆጥርም ነበር። አሁን በቅናሽ ዋጋ ውስጥ የሚገባው መብራት ጣሪያ አለው፣ የአክሲው ካርድ ለምሳሌ በቀን እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከዛ በላይ ከቆጠረ ካምፒንጉ ሊያስከፍል ይችላል። ብዙ ቦታ ደሞ የሚሰጣችሁ መስመር 6 አምፔር ነው። ስድስትን በ230 ቮልት አባዙት፣ 1380 ዋት። በቃ ይሄ ነው ያላችሁ፣ ፍሪጁም ቻርጀሩም ሁሉም ከዚህ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ይሄን ሳያውቅ ከእናቱ ጋር ሄደ፣ ማዘር ሊጥ አቡክተው በባልዲ ይዘዋል፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰኩት፣ አስር ደቂቃ እንኳን አልቆየም፣ ብሬከሩ ወረደ። ሪሴፕሽን ሄዶ አስነሳ፣ ሰኩት፣ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ሰውዬው ራሱ መጣና ምጣዱን እያየ "ይሄ ምንድነው?" አለ። ማዘር "ታዲያ እዚህ ድረስ ነድተን መጥተን ዳቦ ልንበላ ነው?" አሉ። ዳቦ ተበላ። ምጣዳችሁ ጀርባ ላይ ዋቱ ተጽፏል፣ ከ1300 በላይ ከሆነ ቤት ተዉት ወይም 10 አምፔርና 16 አምፔር ያለበትን ቦታ ጠይቁ፣ እሱ ደሞ ቫውቸሩ ውስጥ ስለማይገባ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ። ስለ ምግብ ካነሳን አይቀር፣ ከእንግሊዝ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ከ2021 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤም እዛ ውስጥ ነው ያለው፣ ካሌ (የፈረንሳይ ወደብ) ላይ ቢፈትሿችሁ ይጥሉባችኋል።

የቱሪስት ታክስ ድሮም ውጪ ነበር፣ አሁንም ውጪ ነው፣ በአዋቂ በሌሊት የሚታሰብ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ እዛው ትከፍላላችሁ። ለምን ሻጩ ቀድሞ አያስከፍለንም የሚል ሰው ካለ፣ ታክሱ በከተማውና በካምፒንጉ ኮከብ ስለሚለያይ የት እንደምታድሩ ሳይታወቅ ማስላት አይቻልም። ተጨማሪ እሴት ታክሱም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፣ ፈረንሳይ ካምፒንግ 10 ፐርሰንት፣ ጀርመን 7፣ ኔዘርላንድ 9፣ ስለዚህ ከ2019 ጀምሮ በሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በብዙ አገር የሚሠራ ቫውቸር ሲሸጥ ሳይሆን ሲጠቀሙበት ነው ታክሱ የሚታሰበው። ደረሰኙ ላይ ታክስ ካላያችሁ አጭበረበሩኝ አትበሉ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። ድርጅቱ ቢዘጋስ? ዕቁብ የጣለ ሰው ይሄን ወዲያው ይገባዋል። ዕቁብ ላይ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፣ ዋስ ሳይጠራ ብሩን የሚያስረክበው ዳኛ የለም። ቫውቸር ስትገዙ ቀድሞ የወሰደው ሻጩ ነው፣ ዋሱ ታዲያ ማነው? ብዙ ጊዜ፣ ማንም። ሰው "የአውሮፓ ሕግ ይጠብቀኛል" ይላል፣ የሚያስበው የፓኬጅ ጉዞ ሕጉን ነው፣ ከጁላይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው። ያ ሕግ ግን የሚጠብቀው በረራና ሆቴል እንደሚባለው ቢያንስ ሁለት ዓይነት አገልግሎት አንድ ላይ የገዛን ሰው ነው። የካምፒንግ ቦታ ብቻውን ፓኬጅ አይደለም፣ የት እንደሚያገለግል እንኳን ያልተወሰነ ቫውቸርማ ጭራሽ። የእንግሊዙ የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ሲፈርስ ፓኬጅ የገዙት ገንዘባቸው ተመለሰ፣ የስጦታ ካርድ ይዘው የቀሩት ግን ጥበቃ ስላልነበራቸው ዋስትና እንደሌለው አበዳሪ ወረፋ ያዙ።

እንግሊዝ በክሬዲት ካርድ ከፍያለሁ፣ ሴክሽን 75 አለ የምትሉ ደሞ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ የ1974ቱ የሸማች ብድር ሕግ በዚህ አንቀጹ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ባለው ግዢ ላይ ባንኩን ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ግን ልብ በሉ፣ ከ100 በላይ መሆን ያለበት የአንዱ ዕቃ ዋጋ ነው። አስር ቫውቸር በ20 በ20 ፓውንድ ከገዛችሁ ባንኩ "አንዱ ዕቃ 20 ፓውንድ ነው" ብሎ ሊከራከር ይችላል፣ አንድ 200 ፓውንድ የሚል ጥቅል ከሆነ የእናንተ ክርክር ይጠነክራል። ስለዚህ ስትገዙ ደረሰኙ ላይ እንዴት እንደተጻፈ እዩት። ካልሆነ በካርድ ካምፓኒው ደንብ ቻርጅባክ የሚባለው (ባንኩ ገንዘባችሁን ከሻጩ እንዲያስመልስ መጠየቅ) አለ፣ እሱ መብት ሳይሆን ደንብ ነው፣ የጊዜ ገደብም አለው። በባንክ ትራንስፈር የከፈለ ሰው ሁለቱም የለውም።

የአገልግሎት ቀንም እንደ አገሩ ነው። አየርላንድ ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ የሚሸጥ የስጦታ ቫውቸር ቢያንስ አምስት ዓመት መሥራት አለበት የሚል ሕግ አላት፣ ጀርመን ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ከተገዛበት ዓመት መጨረሻ አንስቶ ሦስት ዓመት ነው፣ እንግሊዝ ግን ሻጩ የጻፈው ቀን ነው ሕጉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ እንግሊዝ ወይም አየርላንድ ለምትኖሩ ደሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሸንገን ቪዛ ስትጠይቁ የት እንደምታድሩ አሳዩ ትባላላችሁ፣ ቫውቸር ቀንም ቦታም ስለሌለው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ካምፒንጉ ጋ ቀን ያለው ቡኪንግ ማድረግ አለባችሁ። ቪዛው ቢከለከል የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ (ከጁን 2024 ጀምሮ) አይመለስም፣ ቫውቸሩም እንደ ሻጩ ደንብ ላይመለስ ይችላል። ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ አንድም ቫውቸር አትግዙ፣ እዚህ ላይ ምንም ግን የለውም።

ሒሳቡን እንሥራው፣ ቁጥሮቹን ለማሳያ ብዬ ነው ያወጣኋቸው። ቫውቸሩ 20 ዩሮ፣ ካምፒንጉ ያለ ቫውቸር 28 ዩሮ ነው እንበል። በሌሊት 8 ዩሮ ታተርፋላችሁ፣ አስር ገዝታችሁ አስሩንም ከተጠቀማችሁ 80 ዩሮ፣ አሪፍ ነው። ሁለቱ ቢቃጠሉባችሁስ? ስምንቱ ላይ 64 አተረፋችሁ፣ ሁለቱ ላይ 40 ከሰራችሁ፣ የቀረው 24። ሦስት ቢቃጠሉ 56 ተርፎ 60 ይከስራል፣ ኪሳራ ውስጥ ናችሁ። ከአስር ሦስት ብቻ! ይሄ ሁሉ ደሞ ጭማሪ ሳይገባበት ነው። እኔ የተጠየቅኩትን 6 ዩሮ ጭማሪ ብታስገቡ ትርፉ በሌሊት 2 ዩሮ ይሆናል፣ ያኔ አንድ ቫውቸር ሲቃጠል የዘጠኙን ሌሊት ትርፍ ሁሉ ይዞ ይሄዳል፣ ከላዩ ላይም ሁለት ዩሮ ያስከፍላችኋል። ካምፒንጉ ራሱ ዌብሳይቱ ላይ ቀድሞ ለያዘ 26 ዩሮ ቢል ደሞ ነገሩ በዜሮ ተባዛ።

ስለዚህ ልግዛ ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ጓደኛዬ ያልኩት፦ በዓመት ሁለት ሳምንት፣ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ቫውቸር ላንተ አልተሠራም፣ ኦገስት ላይ አይሠራማ። ጡረታ ለወጣ፣ ሜይና ሴፕቴምበርን አንድ ቦታ ላይ ለሚቀመጥ፣ ለሱ አሁንም ሊያዋጣ ይችላል፣ ረጅም ለሚቆይ ከሌሊቱ ቁጥር ያነሰ ቫውቸር የሚወስዱ ካምፒንጎች አሉ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ላለው ደሞ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን የሚለው ገደብ እንዳለ ሆኖ። መሀል ላይ ላለነው ዓመታዊ ካርዱ ይበቃል።

የግድ የሚገዛ ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት ለሻጩ በኢሜይል ይጻፍ፦ ደንቡ ከተቀየረ ዛሬ የምገዛው በዛሬው ደንብ ይቀጥላል ወይ፣ እምፈልገው ካምፒንግ ላይ በነዚህ ቀኖች ጭማሪ አለው ወይ፣ ስንት አምፔር ነው፣ ያልተጠቀምኩበት ይመለሳል ወይ። አንድ የጠየቅኩት ሻጭ ለሦስቱ መለሰልኝና የመጀመሪያዋን ዘለላት።

ፈረንሳይ የምትሠሩ፣ አሠሪያችሁ የሚሰጣችሁ ሼክ ቫካንስ ሌላ ነገር ነው፣ አታቀላቅሉት። እሱ ከ1982 ጀምሮ ያለ የመንግሥት ተቋም የሚያወጣው ነው፣ አሠሪው ከፊሉን ይከፍልላችኋል፣ ካምፒንግም ባቡርም ሬስቶራንትም ይሠራል፣ ካገኛችሁ ውሰዱ።

የኔን ጨርሶ ለመንገር፣ ያን ቀን ማታ ሁለቱን ሌሊት በሙሉ ዋጋ ከፈልን፣ ለሦስቱ ቫውቸር ሲደመር 18 ዩሮ ጭማሪ። የሪሴፕሽኗ ሠራተኛ አዝናልኝ መሰለኝ ከሻወሩ አጠገብ ጥላ ያለበት ጥሩ ቦታ ሰጠችን። የተረፉት ሁለት ቫውቸሮች አሁንም አካውንቴ ላይ አሉ፣ ዲሴምበር ላይ ያልፍባቸዋል፣ ኦክቶበር ላይ ስፔን የሚቀበል አንድ ካምፒንግ አግኝቻለሁ፣ ጭማሪ የለውም፣ መብራቱ 6 አምፔር ነው።